አሬታ ፍራንክሊንን ለመስማት ከየት ይጀመራል? የአልበሞቿ፣ የፊልሞቿና የመጻሕፍቷ ንጽጽር

አሜሪካዊቷን ድምፃዊት አሬታ ፍራንክሊንን ለመጀመሪያ ጊዜ ልስማ ያለን ሰው የሚያስቸግረው የሥራዋ ብዛት ነው። በ14 ዓመቷ የተቀዳ ሥራ አለ። በ72 ዓመቷ ያወጣችው አልበምም አለ። መዝሙር አለ፣ ጃዝ አለ፣ ብሉዝ አለ፣ ሶል አለ፣ ዲስኮ አለ፣ የሰማንያዎቹ ፖፕ አለ። ስልካችሁ ላይ ስሟን ስትጽፉ የሚመጣው ዝርዝር ተስቦ አያልቅም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንዱን ነክታችሁ በ1979 የወጣው «ላ ዲቫ» ከደረሳችሁ፣ «እንዲህ የሚያወድሷት ይህችን ነው?» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። አይፈረድባችሁም።

ይህ ጽሑፍ ለመምረጥ እንዲረዳ ነው። ሁሉንም ሥራዎቿን አልዘረዝርም። አንዳንዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የምመርጥበት መለኪያ አንድ ነው፦ ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ማነው?

ብዙ ሰው አሬታን በድምጿ ብቻ ነው የሚያውቃት። ግን ፒያኖ ተጫዋችም ነበረች፤ ያውም ጎበዝ። ኖታ ሳታነብ፣ በጆሮዋ ብቻ፣ ገና በልጅነቷ የለመደችው ነው። ራሷ ስትጫወት ፍጥነቱን የምትወስነው እሷ ናት። የት ቆም እንደሚባል፣ ድራሙ መቼ እንደሚገባ፣ ተቀባዮቹ መቼ እንደሚመልሱ ሁሉም ከእጇ ይወጣል። ሌላ ሰው ሲጫወትላት ድምጿ ያው ታላቅ ድምፅ ነው። ግን በሌላ ሰው ቤት እንግዳ ትመስላለች። ከጥቂቶች በቀር ምርጥ የምላቸው ቅጂዎቿ እሷ ፒያኖ ላይ ያለችባቸው ናቸው።

አምስት ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው ይህን ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። በዲሴምበር 2015 ዋሽንግተን በሚገኘው የኬኔዲ ማዕከል የክብር ምሽት ላይ ያቀረበችውን ቪዲዮ ይፈልግ። በዚያ ምሽት ከተከበሩት አንዷ የዜማ ደራሲዋ ካሮል ኪንግ ነበረች። ኪንግ ከጄሪ ጎፊን ጋር የጻፈችውንና አሬታ በ1967 ያስጠራችውን «ናቹራል ዉማን»ን አሬታ ራሷ መጥታ ዘፈነች። ዕድሜዋ 73 ነበር። ረጅም የፀጉር ካፖርት ለብሳ ወጣች፤ ቦርሳዋን ፒያኖው ላይ አኖረችና ቁጭ ብላ መጫወት ጀመረች። ኪንግ ሰገነቱ ላይ ራሷን መቆጣጠር አቃታት። ፕሬዚዳንት ኦባማ እንባቸውን ሲጠርጉ ካሜራ ያዛቸው። መጨረሻ ላይ ከፒያኖው ተነሥታ መሐል መድረክ ላይ ካፖርቱን ስትጥለው አዳራሹ በሙሉ ቆመ።

ቦርሳው ነገር አለው። አሬታ ክፍያዋን በጥሬ ገንዘብ፣ ከመድረክ በፊት የመቀበል ልማድ ነበራት። ስትዘፍንም ቦርሳዋን ከዓይኗ አታርቅም። ከእሷ በፊት የነበሩ ጥቁር ሙዚቀኞች በአዘጋጆችና በኩባንያዎች ስንቴ እንደተበሉ አይታለች። እኔ ብሆንም ቦርሳዬን እይዝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ምርጫው ይጀመራል።

የ1956ቱ ልጅ

አሬታ ማርች 25 ቀን 1942 ሜምፊስ፣ ቴነሲ ተወለደች፤ ያደገችው ግን ዲትሮይት ነው። አባቷ ሲ. ኤል. ፍራንክሊን የኒው ቤቴል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበሩ። ስብከታቸው በሸክላ ታትሞ በመላው አሜሪካ የሚሸጥ ዝነኛ ሰባኪ ናቸው። እናቷ ባርባራ መዘምርትና ፒያኖ ተጫዋች ነበረች፤ አሬታ አሥር ዓመት ሳይሞላት አረፈች። ቤታቸው እንግዳ አይጠፋበትም። እንደ ማሃሊያ ጃክሰን፣ ክላራ ዋርድና ሳም ኩክ ያሉ ዝነኛ ድምፃውያን ይመጣሉ። ጄምስ ክሊቭላንድ ደግሞ ገና ወጣት ሳለ የአባቷ ቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ ነበር። ይህን ስም ያዙት፤ ወደ በኋላ ይመለሳል።

በ1956 በአባቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትዘምር የተቀዱ ጥቂት መዝሙሮች አሉ። ፒያኖውን የምትጫወተው እሷው ናት። የቀረጻው ጥራት ደካማ ነው። ቢሆንም «ኔቨር ግሮው ኦልድ»ን ስሙት። የ14 ዓመት ልጅ ድምፅ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። ለመጀመሪያ ግን አልመርጠውም። ሌላውን ከሰሙ በኋላ ተመልሶ መስማት ይሻላል፤ ያኔ ነው ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው እንደነበረ የሚገባው።

የኮሎምቢያ ዓመታት፦ ከ1960 እስከ 1966

በ18 ዓመቷ ኮሎምቢያ ከሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራረመች። ያስፈረማት ጆን ሃመንድ ነው፤ ቢሊ ሆሊዴይን ያገኘ፣ ከአሬታ በኋላ ደግሞ ቦብ ዲላንን ያስፈረመ ሰው። የመጀመሪያው አልበም በ1961 ከጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ሬይ ብራያንት ቡድን ጋር ወጣ። ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ኩባንያው ምን እንደሚያደርጋት የጠፋበት ይመስላል። አንዴ ጃዝ፣ አንዴ የብሮድዌይ ዘፈን፣ አንዴ በቫዮሊን የተሞላ ለስላሳ ባላድ። ስድስት ዓመት ሞልቶ እንኳ ስሟን የሚያስጠራ ትልቅ ዘፈን አልወጣም።

የዚህን ዘመን ሥራ ተቺዎች ባንድ ቃል ይጥሉታል። እኔ አልጥለውም። ለስላሳ ጃዝ የሚወድ፣ ማታ ሥራ ሲሠራ ከጀርባ የሚከፍተው ሙዚቃ የሚፈልግ ሰው «ስካይላርክ»ን ይስማ። ድምፃዊቷ ዳይና ዋሽንግተን ካረፈች በኋላ በ1964 ለመታሰቢያዋ ያወጣችው «አንፎርጌተብል» አልበምም አለ። ከኮሎምቢያ ሥራዎቿ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ያንን ነው የምመርጠው። «ሶል ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ለሚመጣ ሰው ግን እዚህ መልስ የለም። ቅንብሩ አስቀድሞ ተጽፎ አልቋል፤ እሷ ገብታ ትዘፍናለች፤ ትወጣለች።

1967፦ አላባማና ኒው ዮርክ

ብዙ አንባቢ መጀመር ያለበት እዚህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ።

በ1966 መጨረሻ የኮሎምቢያ ውሏ አለቀና ወደ ሌላ የሙዚቃ ኩባንያ፣ ወደ አትላንቲክ፣ ሄደች። የአትላንቲኩ ፕሮዲዩሰር ጄሪ ዌክስለር በጃንዋሪ 1967 ወደ መስል ሾልስ፣ አላባማ ወሰዳት። ትንሽ ከተማ ናት። የሪክ ሆል ስቱዲዮ፣ ፌም የሚባለው፣ እዚያ ነው። የስቱዲዮው ሙዚቀኞች የአካባቢው ነጭ ወጣቶች ናቸው። ጊዜው ደግሞ ደቡብ አሜሪካ ገና ከዘር ልዩነት ሕግ በወጣ ማግስት ነው።

በዕቅዱ መሠረት ፒያኖ የሚጫወተው ስፑነር ኦልደም ነበር። አሬታ ማይክ ፊት ቆማ ልትዘፍን ነው። ሆኖም ገብታ ፒያኖው ላይ ተቀመጠችና አንድ ኮርድ መታች። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ወዲያው ዞሩ። ኦልደም ራሱ እንደተናገረው፣ ፒያኖውን እሷ ትጫወተው፣ እኔ ኤሌክትሪክ ፒያኖው ላይ ልሂድ አለ። ከዚያ ሮኒ ሻነን የጻፈው «አይ ኔቨር ላቭድ ኤ ማን» የሚጀመርበት መንገድ ጠፋ። ኦልደም በኤሌክትሪክ ፒያኖው አንድ አጭር ሐረግ ሲሞክር ሁሉም ያንን ያዙ። ዘፈኑ በዚያው ቀን አለቀ። ስትከፍቱት መጀመሪያ የምትሰሙት ያንን የኦልደምን ሐረግ ነው። ከሥር እየገፋ የሚመጣው ፒያኖ ደግሞ የአሬታ ነው።

ቀኑ ግን በሰላም አልተጨረሰም። የዚያን ጊዜ ባሏና ማናጀሯ ቴድ ዋይት ከአንድ ትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች ጋር ተጋጨ። መጠጥ ነበረበት፤ የዘር ነገርም ነበረበት። ማታ ሪክ ሆል ሊያስታርቅ ብሎ ሆቴላቸው ድረስ ሄደ፤ እሱም ከዋይት ጋር ተደባደበ። በማግስቱ ሁሉም ተበተነ። ዌክስለር እጁ ላይ የቀረው አንድ ያለቀ ዘፈንና አንድ ግማሽ ነው። ያለቀውን ለሬዲዮ ሰዎች ሲያሰማ ስልኩ ማረፊያ አጣ። ሸክላው እንዳይታተም ግን ለሌላው ገጽ የሚሆን ዘፈን የለም። አሬታም ለተወሰነ ጊዜ የት እንዳለች ጠፋች።

በኋላ ኒው ዮርክ ተገኘች። ግማሹን ዘፈን ፒያኖ ጨምራበት፣ እህቶቿ ኤርማና ካሮሊን ተቀብለውላት ጨረሰችው። የአላባማዎቹ ሙዚቀኞችም ኒው ዮርክ መጥተው አልበሙ እዚያ አለቀ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1967 «ሪስፔክት» ተቀዳ።

«ሪስፔክት» የኦቲስ ሬዲንግ ዘፈን ነው። ኦቲስ በ1965 ሲዘፍነው ሥራ ውሎ ቤቱ የሚገባ ወንድ ነው ክብር የሚጠይቀው። አሬታ ግጥሙን ወደ ሴት አፍ አዞረችው። ቃሉን ፊደል በፊደል የመቁጠሩ ሐሳብ የእሷና የካሮሊን ነው፤ በኦቲስ ቅጂ ውስጥ የለም። የኪንግ ከርቲስ ሳክስፎን የሚገባበት መሐለኛ ክፍልም አዲስ ነው። በጁን 1967 በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። የጥቁሮች የመብት ትግልም፣ የሴቶች እንቅስቃሴም የራሱ አደረገው። ሁለቱን ቅጂዎች አንዱን ካንዱ አስከትላችሁ ስሙ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ አንድን ዘፈን «የራስ ማድረግ» የሚባለው ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ዌክስለር ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ፣ ያደረግሁት ወደ ቤተ ክርስቲያን መልሼ ፒያኖው ላይ ማስቀመጥና ራሷን እንድትሆን መተው ነው ይል ነበር። ትንሽ ጉራ አለበት። ፒያኖው ላይ የተቀመጠችው ራሷ ናት። ግን ዋናውን ነገር ስቷል አይባልም።

ከዚህ ዘመን ሁለት አልበሞች ለመጀመሪያነት ይፎካከራሉ። አንዱ የመጀመሪያው፣ በዚያው በአላባማው ዘፈን ስም የተጠራው የማርች 1967 አልበም ነው። ሁለተኛው በጃንዋሪ 1968 የወጣው «ሌዲ ሶል» ነው።

በዝነኛ ዘፈን ብዛት «ሌዲ ሶል» ይበልጣል። «ቼይን ኦፍ ፉልስ»፣ «ናቹራል ዉማን»፣ «ሲንስ ዩቭ ቢን ጎን» ሁሉም እዚያ ናቸው። ካሮሊን የጻፈችው «ኤይንት ኖ ዌይ»ም አለ። ከኋላ ያን ሁሉ ከፍታ የምትወጣው ድምፅ የሲሲ ሂውስተን ናት፤ የዊትኒ ሂውስተን እናት። «ቼይን ኦፍ ፉልስ» ደግሞ የእኔን የፒያኖ መለኪያ ያፈርሳል፤ ዘፈኑን የሚመራው የጆ ሳውዝ ጊታር ነው። ያም ሆኖ እንከን አይወጣለትም። ጭፈራ የሚወድ፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ የሚያሰማ ሰው «ሌዲ ሶል»ን ይውሰድ።

እኔ ግን የ1967ቱን እመርጣለሁ። ግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። «ዶክተር ፊልጉድ»ን ያለ ችኮላ በፒያኖዋ ስትጎትተው ስሙ፤ ብሉዝ ነው፤ አካሄዱ ግን የቤተ ክርስቲያን ነው። አልበሙን የምትዘጋው በሳም ኩክ «ኤ ቼንጅ ኢዝ ጎና ከም» ነው። ያን ዘፈን ብዙ ሰው ሞክሮታል። ኩክ ቤታቸው ይመጣ የነበረ፣ በልጅነቷ የምታደንቀው ሰው ነው። ዘፈኑን ከሷ ሲሰሙት ያ ይታወቃል።

1971 ወይስ 1972?

ስቱዲዮ የማይወድ፣ የሕዝብ ጩኸት ያለበት ቀረጻ የሚመርጥ ሰው ሁለት አማራጭ አለው። ሁለቱም ድንቅ ናቸው፤ ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

«ላይቭ አት ፊልሞር ዌስት» በማርች 1971 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሦስት ምሽት የተቀዳ ነው። አዳራሹ የሮክ ሙዚቃ አድማጮችና የሂፒዎች መናኸሪያ ነበር። ለዚያ ታዳሚ ስትል የሳይመንና ጋርፈንከልን፣ የቢትልስን ዘፈኖች አካተተች። ባንዱን የሚመራው ኪንግ ከርቲስ ነው። ኦርጋን ላይ ቢሊ ፕሬስተን፣ ድራም ላይ በርናርድ ፐርዲ፣ ጊታር ላይ ኮርኔል ዱፕሪ፤ ትንፋሾቹ ደግሞ የሜምፊስ ሆርንስ ናቸው። ከዚህ የሚበልጥ ባንድ ኖሯት አያውቅም። በመጨረሻው ምሽት ሬይ ቻርልስን ከታዳሚ መሐል አውጥታ መድረክ ላይ አመጣችው። «ስፒሪት ኢን ዘ ዳርክ»ን አብረው ሲጫወቱት ማብቂያው የት እንደሆነ ሁለቱም የሚያውቁ አይመስሉም። ኪንግ ከርቲስ በዚያው ዓመት ኦገስት ኒው ዮርክ ውስጥ በስለት ተወግቶ ተገደለ።

የስድሳዎቹንና የሰባዎቹን የአዲስ አበባ ባንዶች የምትወዱ፣ ትንፋሽ መሣሪያ ሲጮህ ልባችሁ የሚሞቅ ከሆነ፣ የእናንተ አልበም ይህ ነው። የአሜሪካ ሶል ለዚያ ዘመን ድምፃውያን እንግዳ አልነበረም። አስመራ ከነበረው ከቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የሚሰራጨው ሬዲዮ አንዱ መንገድ ነበር። አለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ያሰኘው ጉዳይም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሁለተኛው «አሜዚንግ ግሬስ» ነው። ጃንዋሪ 13 እና 14 ቀን 1972፣ ሎስ አንጀለስ፣ ኒው ቴምፕል ሚሽነሪ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን። አሬታ 29 ዓመቷ ነው። በዓለም አሉ ከሚባሉት ድምፃውያን አንዷ ሆና ሳለ መዝሙር ብቻ ልትቀዳ ተመለሰች። አጠገቧ ያለው ያ ጄምስ ክሊቭላንድ ነው፤ አሁን የራሱ መዘምራን ያለው ሬቨረንድ ሆኗል። የሪትም ክፍሉ አብሯት የሚዞረው የሶል ባንድ ነው፤ ፐርዲና ዱፕሪ እዚህም አሉ። ታዳሚው ውስጥ አባቷ አሉ፤ ክላራ ዋርድ አለች። ከኋላ ደግሞ የሮሊንግ ስቶንሱ ድምፃዊ ሚክ ጃገር ቆሟል።

ርዕሱን የሰጠው መዝሙር ብቻውን አሥር ደቂቃ ያልፋል። ቃሉን ቸኩላ አትጨርሰውም። አንዱን ቃል ይዛ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ትመለሳለች፤ ሕዝቡ ይመልስላታል። ክሊቭላንድ መቀጠል አቅቶት ፊቱን በመሐረብ ሸፍኖ ያለቅሳል። በ1956 በልጅነቷ የቀዳችውን «ኔቨር ግሮው ኦልድ»ንም እዚህ ደገመችው፤ ፒያኖው ላይ ራሷ ተቀምጣ። አልበሙ በአሜሪካ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ከሁሉም ሥራዎቿ በሽያጭ የሚስተካከለው የለም።

መዝሙር አዘውትሮ የሚሰማ ሰው፣ ኦርቶዶክስም ይሁን ጴንጤ፣ በዚህ ቢጀምር አይሳሳትም። ሥርዓቱ የተለየ ነው፤ ዜማው የተለየ ነው። ሆኖም አንድን ሐረግ ደጋግሞ ማለት፣ ሕዝቡ ተቀብሎ መመለሱ፣ ሰዓት መረሳቱ ለእኛ አዲስ አይደለም። መዝሙር ሲረዝም የሚሰለቸው ደግሞ ሳይደብቅ ወደ ፊልሞር ይሂድ። እኔን አንድ ብቻ ይዘህ ውጣ የሚለኝ ከመጣ «አሜዚንግ ግሬስ»ን እይዛለሁ። ለጀማሪ ሁሉ ግን አላዝም፤ አልበሙ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሲገዛ ወይም ሲፈለግ ልብ የሚባል ነገር አለ። ዋናው የ1972ቱ እትም ተመርጦ የተዘጋጀ ነው። በ1999 የወጣው ደግሞ የሁለቱን ምሽቶች ቅጂ በሙሉ ይዟል። መጀመሪያ የ1972ቱ ይበቃል።

ሰማንያዎቹ

ከ1974 በኋላ ያሉትን የአትላንቲክ ዓመታት እዘላለሁ። ከርቲስ ሜይፊልድ የሠራላት የ1976ቱ «ስፓርክል» ብቻ ይነሣ። በ1979 አባቷ ዲትሮይት ቤታቸው ውስጥ በሌቦች በጥይት ተመቱ። አምስት ዓመት ራሳቸውን ሳያውቁ ቆይተው በ1984 አረፉ። አሬታ እሳቸውን ለማስታመም ከሎስ አንጀለስ ወደ ዲትሮይት ተመለሰች። ከሰማንያዎቹ ጀምሮ አውሮፕላን መሳፈር ስለፈራች ለሥራ የምትዞረው በአውቶቡስ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሕር ተሻግራ መሄድ አልቻለችም።

በዚህ መሐል በ1980 ወደ ክላይቭ ዴቪስ አሪስታ ኩባንያ ገባች። በዚያው ዓመት «ዘ ብሉዝ ብራዘርስ» ፊልም ላይ የምግብ ቤት ባለቤት ሆና «ቲንክ»ን ዘፈነች፤ አዲሱ ትውልድ እንደገና አወቃት። በ1985 «ሁዝ ዙሚን ሁ» ወጣ። «ፍሪዌይ ኦፍ ላቭ» እዚያ ነው። በ1987 ከጆርጅ ማይክል ጋር የሠራችው ዘፈን በአሜሪካም በብሪታኒያም አንደኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

የሰማንያዎቹን ፖፕ የሚወድ ሰው እዚህ ይደሰታል። መኪና ውስጥ ጥሩ ነው። ፒያኖው ግን የለም፤ ሲንተሳይዘርና የኤሌክትሮኒክስ ድራም ናቸው የሚመሩት። ከእሷ ይልቅ ዘመኑ ነው የሚሰማው። በዚህ ጀምራችሁ «በቃ አወቅኳት» ብትሉ እከራከራችኋለሁ።

አልበም መስማት የማይሆንለት ሰውስ? እንዲህ ዓይነቱ ሰው አሁን ብዙ ነው። በ1985 አትላንቲክ ያወጣው «30 ግሬተስት ሂትስ» የሚባል ስብስብ አለ። የ1967ቱን፣ የ1968ቱንና እስከ ሰባዎቹ መጀመሪያ ያሉትን ትልልቅ ዘፈኖች ይዟል። ከዚያ የሚጎድለው የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ስሟን ብቻ የያዙ ሌሎች ስብስቦችን ስትከፍቱ ግን ተጠንቀቁ። አንዳንዱ የኮሎምቢያን ዘመን ብቻ የያዘ ነው፤ «ሪስፔክት»ን ፈልጋችሁ ቫዮሊን ታገኛላችሁ።

ማየት ለሚሻለው

በ2021 ሁለት ሥራዎች ወጡ። «ሪስፔክት» የተባለው ፊልም ላይ አሬታን ሆና የምትሠራው ጄኒፈር ሃድሰን ናት። ለዚህ ሚና የመረጠቻት አሬታ ራሷ ናት፤ በሕይወት ሳለች። ታሪኩ 1972 ላይ፣ በ«አሜዚንግ ግሬስ» ቀረጻ ያበቃል። ሃድሰን የምትዘፍነው በራሷ ድምፅ ነው፤ ለዚያ ብቻ እንኳ ፊልሙን ማየት ይገባል። ታሪኩ ግን ከጫፍ ጫፍ ይሮጣል። የአላባማው ስቱዲዮ ክፍል በጣም ጥሩ ነው፤ ከዘፈኑ አወላለድ ጋር ጊዜ ይወስዳል።

የናሽናል ጂኦግራፊክ «ጂኒየስ» ተከታታይ ፊልም ሲንቲያ ኤሪቮን ይዞ በስምንት ክፍል ወጣ። ስለ ልጅነቷና ስለ አባቷ ሰፋ አድርጎ፣ ጠንከር አድርጎም ይናገራል። ቤተሰቧ በይፋ ተቃውሞታል። ጊዜ ያለው ሰው ሁለቱንም ይይ። አንድ ምሽት ብቻ ካላችሁ ሁለቱንም ትታችሁ ሦስተኛውን እዩ።

ሦስተኛው «አሜዚንግ ግሬስ» ዘጋቢ ፊልም ነው። እነዚያን ሁለት ምሽቶች ሲድኒ ፖላክ ቀርጿቸዋል። ፖላክ የልብ ወለድ ፊልም ዳይሬክተር ነበር። የድምፅና የምስል ማገናኛ የሆነውን ሰሌዳ ሳያስመታ ቀረጸ። በዚህ የተነሣ ሥዕሉና ድምፁ ሊገጥሙ አልቻሉም፤ ፊልሙ መጋዘን ገባ። ከአሥርት ዓመታት በኋላ አለን ኤልየት የተባለ ፕሮዲዩሰር ቅጂውን ገዝቶ በዘመኑ ቴክኖሎጂ አገጣጠመው። አሬታ ግን በፍርድ ቤት አስቆመችው። ሰው ፊት የቀረበው ኦገስት 16 ቀን 2018 በ76 ዓመቷ ካረፈች በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። ተዋናይ የለም፣ ተራኪ የለም። ላቧ ይታያል። ፒያኖው ላይ ሆና ስትዘምር አባቷ ተነሥተው ፊቷን በመሐረብ ሲጠርጉላት ይታያል። ከሰማሁት ሁሉ ስለ አሬታ የበለጠ የነገረኝ ያየሁት ይህ ነው።

ማንበብ ለሚወድ

ሁለት መጻሕፍት አሉ፤ ነገራቸው አስቂኝ ነው። የመጀመሪያው በ1999 የወጣው የራሷ ግለ ታሪክ ነው። አብሯት የጻፈው ዴቪድ ሪትዝ ይባላል። አሬታ የግል ነገር አትወድም ነበር። ገና ልጅ ሳለች እንዴት እናት እንደሆነች፣ ከቴድ ዋይት ጋር ስለነበረው ትዳር፣ ስለ እናቷና አባቷ መለያየት መጽሐፉ ወይ ያልፈዋል ወይ ያለሰልሰዋል። ምግብና ልብስ ግን በደንብ ተጽፏል።

ሪትዝ ይህ አላረካውም። በ2014 የራሱን መጽሐፍ ይዞ መጣ፤ እህትና ወንድሞቿን፣ ዘመዶቿን፣ ሙዚቀኞቹንና ፕሮዲዩሰሮቹን አነጋግሮ። አሬታ መጽሐፉን ውሸት የሞላበት ብላ አወገዘችው። ለሙዚቃው ሲባል አንዱን የሚያነብ ሰው የ2014ቱን ይያዝ፤ እያንዳንዱ አልበም እንዴት እንደተሠራ በቦታው የነበሩ ሰዎች ይናገሩበታል። እሷ ራሷ እንዴት መታየት ትፈልግ እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ የ1999ኙን ያንብብ። ከሁለቱ በፊት ግን የ1967ቱን አልበም ስሙ።